ሽማግሌ ጭኖ ድንበር ስለ መሻገር

ሕግ አክባሪ ሰው በዚህ አገር ሚስት ማግባት የለበትም። ይህን የምለው ትዳርን ጠልቼ ወይም ሕግን ንቄ አይደለም፤ ሁለቱንም በሙሉ ልቤ አከብራለሁ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ማክበር የማይቻል መሆኑ ነው። አጋነንክ የምትለኝ አንባቢ ብትኖር፣ እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሠኝና ከዚያ በኋላ ፍረድ።

በነገሌ ቦረና የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በቁጥር የተከፋፈለ አንቀጽ ያለበት ጽሑፍ እጄ ከገባ ሳልጨርስ አላስቀምጥም። ለራስ ምታት ክኒን ገዝቼ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቤ እስክጨርስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ለቆኝ የሄደበት ቀን አለ። ባጃጅ ከተፈቀደለት ሰው በላይ ሲጭን ምክንያቱን አስረድቼ ስለምወርድ፣ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤታችን ያለውን መንገድ ከከተማው ነዋሪ ሁሉ አብልጬ በእግሬ የማውቀው እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ በዚህ ይስቁብኛል። ሐሳብን በነፃነት ስለ መግለጽ ያስተማርኳቸው ራሴ ስለሆንኩ ዝም እላለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይወደዋል ትል ይሆናል። ቱሜ ወደደችው። ቱሜ በከተማችን ክሊኒክ ነርስ ናት። የክትባት ካርዴን በፕላስቲክ አስለብጄ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከጀርባው በቀይ ጽፌ ስሰጣት አገላብጣ አየችና፣ "ይህን ያህል ለመኖር የሚጓጓ ሰው አይቼ አላውቅም" አለችኝ። እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ከዚያ በኋላ የሆነው የሁለታችን ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይገባም... ወደ አባቷ እንለፍ።

ኦቦ ሁቃ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው፣ አሁን ከድንበሩ ማዶ፣ ከኬንያው ሞያሌ ወጣ ብሎ በማርሳቢት መንገድ ላይ ከብት የሚያረቡ ሰው ናቸው። በሰዓት ቀልድ አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎቼ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተቀጥረው፣ በአውቶቡስ ብልሽት ምክንያት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ኦቦ ሁቃ ወተት አጠጧቸው፣ የአገሩን ዝናብ ጠየቋቸው፣ ጉዳዩን ሳይሰሙ ሸኟቸው። በኋላ በቱሜ በኩል የላኩት ቃል አጭር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት ከመጡ ይሰሟቸዋል። ካለፈ ግን ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሌላ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተቀጥረዋል፤ እነዚያ ደግሞ የሚኖሩት እዚያው ጎረቤት ስለሆነ አያረፍዱም።

እንግዲህ አስበው። የሕይወቴ ዕድል በአንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተንጠልጥሏል።

በአውቶቡስ ዳግመኛ አንታመንም ብለን የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችንን ሚኒባስ ለመንን፤ ከነሹፌሩ ከጋሽ ጃርሶ ጋር ተፈቀደልን። የሽማግሌዎቹ አለቃ የጉጂው ኦቦ ዋቆ ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡት ጋሽ መኮንን፣ ከነጉልበት ሕመማቸውና ከነምርኩዛቸው፤ ከዚያም ሌሎች ሦስት የተከበሩ አባቶች። የእኔ ድርሻ ሰነድ ማዘጋጀት ሆነ። እንደምታውቀው ሚስት የሚለመንለት ሰው ከሽማግሌ ጋር ፊቱን አያሳይም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እስከ ኢትዮጵያው ሞያሌ ብቻ ሸኝቼ፣ ማህደሩን አስረክቤ፣ ሆቴል ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ተስማማን።

ማህደር ስልህ ተራ ማህደር እንዳይመስልህ። ሚኒባስ ሰው ጭኖ ወደ ባዕድ አገር ሲሻገር የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ያልገባኝን ደግሜ ጠይቄ አሰናዳሁ። ሊብሬው አለ፤ የዓመቱ ምርመራ የተለጠፈበት ቦሎ አለ፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የመድን ካርድ አለ። ባለንብረቱ መኪናውን ወዶና ፈቅዶ መስጠቱን የሚያረጋግጥ ውክልና፣ በሦስት ቅጂ። የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር፣ ከነዕድሜያቸው፤ ኦቦ ዋቆ ዕድሜያቸውን አላውቅም ስላሉኝ ከሁለት ድርቅና ከአንድ ጦርነት ተነሥቼ አሰላሁላቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁሉም። እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ መንገድ ላይ ለሚቆም መኪና የሚዘረጋው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት። ለልመና የሚወሰደውን ቡና እንኳ ክብደቱን ጽፌ አስገባሁት፤ ከቡናው ጋር የሚሄደውን ትምባሆ ቤተ ክርስቲያናችን ስለማትወደው በስኳር ተክተን፣ የስኳሩንም እንዲሁ።

ኦቦ ዋቆ ማህደሩን በሁለት እጃቸው አንሥተው መዘኑት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "የሰው ልጅ ልንለምን ነው ወይስ ኬንያን ልንረከብ?"

አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። ጎደሎውን አውቀው ነበር፤ ጥፋቴ ይህ ነው። በማህደሩ ውስጥ "የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ" የሚል ጽሑፍ የለጠፍኩበት አንድ ባዶ ፕላስቲክ ነበር። ጋሽ ጃርሶን መጠየቅ አቃተኝ። በልጅነቴ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ አቅፈው መኪናቸው ውስጥ ያስገቡኝ፣ ሐኪም ቤት በራፍ ላይ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉትን አባት እንዴት ብዬ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ ልበላቸው? ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ አፌ ላይ ሲደርስ የልጆቻቸውን ጤና ጠይቄ ተመለስኩ። ደግሞስ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ከክብረ መንግሥት እስከ ነገሌ ባለው ኬላ ሁሉ ጠባቂው ፊታቸውን ሲያይ "አካም፣ ጃርሶ? ናጋ?" ይላል፤ ገመዱም ይረግባል። ፊታቸው ራሱ መንጃ ፈቃድ ነበር።

ረቡዕ ከነገሌ ተነሥተን በያቤሎ አድርገን ሜጋ አደርን፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድንበሩ ዘንድ ተሰለፍን። ወረፋችን የደረሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። የመኪናውን የማውጫ ፈቃድ የሚጽፈው ሠራተኛ ማህደሩን ገለጠ፤ መነጽሩን ከፍ አደረገ፤ ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ማን እንዳዘጋጀው ሲጠይቅ አንገቴን ደፋሁ፤ እንደ ሙሽራ ማለቴ ነው። ከዚያም ባዶው ፕላስቲክ ላይ ደረሰ።

ጋሽ ጃርሶ ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሠራተኛው ፎቶግራፉን አየ፤ ጋሽ ጃርሶን አየ፤ ጥቁሩን ፀጉር ከነጩ ጋር አስተያየ።

"አባቴ፣ ይህ እኮ ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል።"

"ይሆናል" አሉ ጋሽ ጃርሶ በእርጋታ። "እኔ ግን ትናንትም ስነዳ ነው የዋልኩት።"

እውነት ነበር፤ ሕግ ግን አልነበረም። ኦቦ ዋቆ ሰማዩን አዩ። ጋሽ መኮንን በምርኩዛቸው መሬቱን ጫሩ። ጋሽ ጃርሶ መንጃ ፈቃዱን መልሰው በመሐረቡ ሲጠቀልሉ እጃቸው ቀስ ያለበትን ዛሬም አልረሳውም፤ አፍሬ ያልጠየቅኋቸው ነገር በሰው ፊት የባሰ አሳፈራቸው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ሚኒባሱን እዚያው አቁመህ፣ ሽማግሌዎቹን በእግር አሻግረህ፣ ከማዶ ታክሲ ትጠራላቸዋለህ። አንድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሞያሌ ሰው ጨው ለመግዛት በቀን ሦስት ጊዜ እንደዚያ ይሻገራል። እኔ ይህን መላ ያሰብኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ነገሌ ላይ፣ ፊቴን ስታጠብ ነው። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ሦስት ወር የደከምኩበት ማህደር በአንዲት ባዶ ፕላስቲክ ምክንያት ድንበር ሳያይ ሊቀር መሆኑ ብቻ ነበር።

ሠራተኛው ማህደሩ አሳዝኖት ይመስለኛል፣ ከመካከላችን ሕዝብ አንድ የሚባለው፣ ሚኒባስ የሚያስነዳው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኖሩን ጠየቀ። እጄ ብድግ አለ። ያነሣሁት ጥያቄውን መመለስ ስለምችል ነው እንጂ መንዳት ስለምችል አልነበረም።

መንጃ ፈቃዱማ ነበረኝ። አንድ ክረምት የመንገድ ደንብ መጽሐፍ እጄ ገብቶ፣ አንብቤ ብቻ ላስቀምጠው አልሆነልኝምና ተመዝግቤ ተማርኩ። የጽሑፉን ፈተና አንድም ሳልስት አለፍኩ። የተግባሩን በሦስተኛው ሙከራ ያለፍኩ ጊዜ ፈታኙ እጄን ይዘው፣ መንጃ ፈቃዱን በጥንቃቄ እንዳስቀምጠው፣ ከተቻለም እንዳልጠቀምበት መከሩኝ። ምክራቸውን አክብሬ፣ ከዚያ ወዲህ የነዳሁት የትምህርት ቤታችንን ፒካፕ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ።

የማውጫ ፈቃዱ በእኔ ስም ተጻፈ። ጋሽ ጃርሶ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ጋቢያቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። እንዲህ ሆኖ ሹፌሩ ሽማግሌ፣ የሚለመንለት ሰው ሹፌር ሆነ። ወደ ማዶው ኬላ አልፈን ማኅተሙ ሁሉ ተመትቶ ሲያልቅ አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

በኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። እጆቼ ግን ከእኔ ክፍል አልተማሩም ነበር። በግራ ስይዝ ነፍሴ ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች፤ ወደ ቀኝ ስጠጋ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ጡሩምባ ወደ ግራ ይመልሰኛል። ኦቦ ዋቆ ከኋላዬ ጸሎት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለሁላችን፣ ቀጥሎ ስሜን እየጠሩ ለእኔ፣ በመጨረሻም በመንገዱ ዳር ለሚያልፉ ሰዎች። መስቀለኛ መንገድ ሁሉ ላይ ቆምኩ። ማንም በሌለበት ለማንም ቅድሚያ ሰጠሁ። ውሃ የጫኑ አህዮችን የምትነዳ ሴት ቀደመችን፤ አልፋ ዞር ብላ አየችኝና በአዘኔታ እጇን አነሣችልኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሽ ጃርሶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ማርሽ ሦስት የሚባልም አለ።"

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። የሦስት ወር ሰነድ ያስኬደን መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግቢው በራፍ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወደ ግቢው ልታጠፍ ስለሆነ ፍሬቻ አበራሁ። ከገባሁ በኋላ የመኪናው ፊት ወደ መውጫው መዞር ስላለበት ወደ ኋላ ልመልስ ብዬ እንደገና አበራሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሽማግሌው ከሥፍራቸው ሳይነቃነቁ ሁሉንም ተመለከቱ።

ሽማግሌዎቼ ወርደው በክብር ገቡ፤ ጋሽ ጃርሶም ከመካከላቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው። እኔ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ መሪው ላይ ተደፋሁ። ደርሰናል፤ ሰዓቱ አላለፈም፤ ማንም አላየኝም። ሕግም ባህልም ተከበሩ ብዬ ማህደሩን መታ መታ ሳደርግ መስኮቱ ተንኳኳ። በራፍ ላይ የነበሩት ረጅሙ ሽማግሌ፣ ኦቦ ሁቃ ነበሩ።

"የእኔ ቤት ሹፌር መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቤት አይደለም" አሉ። "እኔ እንዲያ ብዙ ቤት በራፍ ላይ ጠብቄያለሁ። ግባ።"

እምቢ የምልበት አንቀጽ ፈለግሁ፤ አልተገኘም። ገባሁ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጅ የምታስታጥበው፣ ለቀኑ ብላ ወደ አባቷ ቤት የመጣችው ቱሜ ሆና መጣች። ሳህኑን ዘረጋችልኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ውሃው ከእጄ አልፎ እጅጌዬን፣ ከእጅጌዬ አልፎ ጫማዬን አራሰ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሽማግሌ ላክ አልኩህ እንጂ ና አልኩህ?" አለች።

"ሕጉ ነው ያመጣኝ" አልኳት።

"ሕጉ ያግባህ እንግዲያ" ብላ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ኦቦ ዋቆ ጉዳዩን ተናግረው ጨርሰው ኖሯል። ስለ እኔ ምን እንዳሉ ባልሰማም፣ በክፍሉ ውስጥ ካለው ሞቅታ ተነሥቼ ስገምት ከእውነቱ ከፍ ያለ ነበር። ኦቦ ሁቃ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ሹፌር፣ የነገሌ ሰው ነህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ልጁን ታውቀዋለህ?"

ኦቦ ዋቆ ሳሉ።

"አውቀዋለሁ።"

"ሽማግሌ ማመስገን ሥራው ነው፤ አይዋሽም፣ ግን ይጨምራል። እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ሹፌር ከኋላው የሚወራውን ሁሉ ይሰማል። እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ልጅ ልጄን ደኅና አድርጎ ይይዛታል?"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ቱሜ ማስታጠቢያዋን እንደያዘች ቆመች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅብኝ። "ወርቅ ነው" ብዬ ዝም ብል ዛሬ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። እኔ ግን ሰው በራሱ ጉዳይ ምስክር ሊሆን እንደማይገባ በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አባቴ፣ በዚህ ጉዳይ የምሰጠው ምስክርነት ከአድልዎ የጸዳ ስለማይሆን፣ ከመመስከር ራሴን ባገልል የተሻለ ይመስለኛል።"

ጋሽ ጃርሶ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት።

"ግቢው ላይ ሳይህ ጠርጥሬ ነበር" አሉ ኦቦ ሁቃ። "በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለዶሮዎቼ ፍሬቻ ያበራ ሹፌር አላጋጠመኝም።" ከዚያም ፊታቸው ጠቆረ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ አለቃ ዞሩ። "ዋቆ፣ ልጁን ከሽማግሌ ጋር ይዞ መምጣት ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እኛ አላመጣነውም" አሉ ኦቦ ዋቆ። "እሱ ነው ያመጣን።"

ማንም አልሳቀም። ቅዳሜ ስትቀርብ፣ የጎረቤቶቹ ሽማግሌዎች በሰዓታቸው ሲገቡ ታየኝ። ሌላ የማውቀው መከላከያ ስለሌለ ከመኪናው ማህደሩን አምጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። የመጣሁት ባህል ንቄ እንዳልሆነ፣ ፈቃዱ በእኔ ስም የተጻፈበትን ምክንያት፣ ከባዶው ፕላስቲክ ጀምሬ አስረዳሁ። የጋሽ ጃርሶን ስም ግን አላነሣሁም፤ የሹፌሩን ወረቀት ሳላረጋግጥ የተነሣሁት እኔ ነኝ አልኩ።

ኦቦ ሁቃ መነጽራቸውን አስመጡ። ሊብሬውን አነበቡ። መድኑን አነበቡ። የስኳሩን ክብደት ሲያነቡ ቅንድባቸው ተነሣ። ምግቡ ቀዘቀዘ። የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠው ጀርባውን ካዩ በኋላ ማህደሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ቱሜ ስትወለድ ድንበር ላይ ነበርኩ" አሉ። "አንድ ማኅተም ጎድሎኝ ዘጠኝ ቀን አስቀመጡኝ። ልጄን ያየኋት በዐሥረኛው ቀን ነው።" ማህደሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ይህን የሚያሰናዳ ሰው ልጁ ስትወለድ ቤቱ ይገኛል።"

ኦቦ ዋቆ ተነሡ፤ ሁሉም ተነሡ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ አለፈና በኦሮምኛ አበቃ። ቱሜ ወደ ጓዳ ስትገባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሰች መስሎኝ ልቤ ተነካ። በኋላ እንደነገረችኝ ግን በሳቅ ነበር።

ስንሸኝ ኦቦ ሁቃ ከእጄ ቁልፉን ወሰዱ። እስከ ድንበሩ የሚነዱት እርሳቸው እንደሆኑ፣ ልጃቸው ሳታገባ ሐዘን እንድትቀመጥ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። አንባቢ ሆይ፣ በፈቃዱ ላይ ስሙ ከተጻፈው ሹፌር በቀር ሌላ ሰው መኪናውን ሊነዳ እንደማይችል የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ብብቴ ሥር፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ቱሜ በሩ ላይ ቆማለች። አየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከኋላ ሽማግሌዎቹ መዝሙር ጀምረዋል፤ ጋሽ ጃርሶ እያጨበጨቡ ናቸው። እኔ ማህደሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ኦቦ ሁቃ ልጃቸውን ለእኔ መስጠታቸውን ለራሴ ደጋግሜ እየነገርኩ ፈገግ ብያለሁ። ሚኒባሱ ገና ከግቢው ሳይወጣ ቆመ። አማቴ ወደ እኔ ዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"መምህር" አሉኝ፣ "ቀበቶህን እሰር እንጂ። የመንገድ ሕግ አታውቅም?"